የዋልካው ትምህርት

ስቱዲዮ ይባል እንጂ ድሮ የዕቃ ግምጃ ቤት ነበር። ዩኒቨርሲቲው የኦንላይን ትምህርት ይጀምር ሲባል ከአዲስ አበባ ካሜራ፣ መብራትና ኮምፒውተር መጣለት፤ ቤት ግን አብሮ አልመጣም። የተሰባበሩት ወንበሮች ወጡ፣ ግድግዳው ላይ ስፖንጅ ተለጠፈ፣ ከኋላ ጥቁር ሰማያዊ መጋረጃ ተዘረጋ፣ በሩ ላይ «ጸጥታ፣ ቀረጻ ላይ ነን» ተብሎ ተጻፈና ስቱዲዮ ሆነ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ሲጥል የመምህሩ አፍ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፁ አይሰማም። ዝናብ በሌለ ጊዜ ደግሞ የአሶሳ ሙቀት አለ፤ ማቀዝቀዣው ስለሚያጉረመርም በቀረጻ ሰዓት ይጠፋል፣ መምህሩም መብራት ፊት ቆሞ እንደ ሽምብራ ይቆላል።

ምንያህል የዚህ ቤት ካሜራ አንሺና ኤዲተር ነው። ከደብረ ማርቆስ ተቀጥሮ ከመጣ ዓመታት ሆነውታል። ሥራው መቅረጽና መቁረጥ ነው፤ ከሁለቱ የሚበዛው መቁረጡ ነው። ሳሉን፣ ጉሮሮ መጥረጉን፣ የጠፋ ቃል ፍለጋ ጣሪያ ጣሪያ ማየቱን፣ ከሁሉም በላይ «እ...» የምትለዋን ነገር ሲቆርጥ ይውላል። የዚያን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት «እ» ሰብስቦ የሰፈረ ሰው አንድ ጎተራ በሞላ ነበር።

መምህርት የዝናሽን ሲቀርጽ ግን እጁ ያርፋል። የዝናሽ የአፈር ሳይንስ መምህርት ናት። ወላጆቿ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ፓዌ የሰፈሩ ናቸው፤ እሷ እዚያው ተወልዳ፣ እዚያው ጭቃ አቡክታ ያደገች። በእንግሊዝኛ ትጀምርና ነገሩ ሲጠብቅ ወደ አማርኛ ትሻገራለች፤ ተማሪውም የሚጠብቀው መሻገሪያዋን ነው። ምንያህል መጀመሪያ ሰሞን «እርስዎ» ቢላት «አርጅቼብህ ነው?» ብላ ከለከለችው። ከዚያ ወዲህ «አንቺ» ይላታል።

አንድ ኮርስ ባንድ ልብስ ይቀረጻል፤ መመሪያው ነው። ተማሪው ከትምህርት ወደ ትምህርት ሲሻገር መምህሩ ልብስ ሲቀያይር ዓይኑ እንዳይባዝን ተብሎ ነው። የዝናሽ የመረጠችው ብርቱካናማ ቀሚስ ነበር። ስምንት ትምህርት በሱ ተቀርጾ አለቀ። «ይሄ ቀሚስ እኮ ከእኔ በፊት ዶክትሬቱን ሊይዝ ነው» ትላለች መጥታ በቆመች ቁጥር።

ዘጠነኛው ትምህርት አፈርን በእጅ ዳስሶ ስለ መለየት ነበር። ለዚሁ ብላ ለፋሲካ ፓዌ እናቷ ዘንድ ሄዳ ስትመለስ ከጓሮዋ ጥቁር ዋልካ አፈር በፌስታል ቋጥራ አመጣች። ሚያዝያ እያለቀ ነው፣ ሰማዩ ከሰዓት ከሰዓት መጥቆር ጀምሯል። ክረምቱ ከገባ ያ ቆርቆሮ ማንንም አያስተምርም። የስቱዲዮው አስተባባሪ አቶ አንዷለምም ሰማይ ሰማይ እያየ ሰው የሚያጣድፍበት ሰሞን ነበር።

የቀረጻው ዕለት ጠዋት የዝናሽ ገና ሳትመጣ የአንዷለም ስልክ ጮኸ። ይዞት ወጣ። ሲመለስ ፊቱ ሌላ ነበር። ምንያህልንና የድምፅ ባለሙያውን ሐምዳንን ጥግ ጠራቸው።

«የመምህርት የዝናሽ ወንድም ነው፣ አስማማው የሚሉት። እናታቸው ዛሬ ሌሊት አርፈዋል።»

አንዷለም ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ቀብሩ ነገ ከሰዓት በኋላ ነው። በስልክ እንዳትሰማ፣ በወጉ አርዱልኝ ነው የሚለው። እኔም እንደዚያ ነው ያሰብኩት። ማታ ለባልደረቦቿም ለቄሱም እነግራለሁ፤ ነገ ጎህ ሲቀድ ቤቷ ሄደን እናረዳታለን። ዛሬ ግን ምንም እንዳልሰማ ሰው ሆነን ቀረጻችንን እንጨርሳለን።»

«ነገ ጠዋት ከሰማችማ ቀብር አትደርስም» አለ ምንያህል።

«ለሣልስት ትደርሳለች።»

ሐምዳን የበርታ ሰው ነው፤ አማርኛን የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ስለሆነ በሱ አማርኛ ሴቱም ወንዱም «እሱ» ነው። «እናቱ ሞተ፣ እኛ እሱን ፊልም እናነሳለን?» አለ። «በእኛ ሰው ሲሞት ወዲያው ይነገራል፣ ወዲያው ይቀበራል። ይሄ ሐራም ነው።»

«እና ማን ይንገራት? አንተ?» አለ አንዷለም። ወደ ምንያህል ዞረ። «ወይስ አንተ? ሦስት ወንድ ቆመን፣ አንዲት ሴት እንኳ አጠገቧ በሌለችበት? ብትወድቅ ማን ያነሳታል? መርዶ እኮ የሚነገርበት ሰዓት አለው። ደግሞ ሰማዩን እዩት።»

የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር፤ ክፋቱም እሱ ነው። ወጉና የአንዷለም የቀረጻ ፕሮግራም ተቃቅፈው ቆመዋል፤ የትኛው የትኛውን እንደደገፈ መለየት ያስቸግራል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የዝናሽ በዚያች ሰዓት ቤቷ ቁርሷን እየበላች ነበር፤ ስለ እናቷ ግን ከእሷ ይልቅ ሐምዳን ያውቃል።

ምንያህል ይህን ወግ በገዛ ሆዱ ያውቀዋል። ኮሌጅ የመጨረሻ ፈተና ላይ ሳለ አባቱ ሞተ። አጎቱ «ልጁ ፈተናውን ይጨርስ» አለ፤ አገሩም ልክ ነው አለ። ፈተናውን ጨርሶ፣ ደስ ብሎት፣ ለአባቱ ባርኔጣ ገዝቶ ሲገባ ድንኳኑ ተነሥቷል፣ የዕድሩ ወንበር ተመልሷል፣ ለቀስተኛው ዕንባውን ጨርሶ ወደ እርሻው ሄዷል። እናቱ እንኳ ለቅሶ ሰልችቷት ነበር። መንገድ ላይ ያገኘው ሰው «እግዜር ያጽናህ» ይለውና ቶሎ ብሎ «ፈተናው እንዴት ነበር?» ይለዋል። ሁሉ በጨረሰበት ብቻውን ለቅሶ መጀመር አፈረ፤ ሳያለቅስ ቀረ። ባርኔጣውን ለአጎቱ ሰጠው። ፈተናውን በጥሩ ውጤት አልፏል፤ አጎቱን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላለውም።

መብራት አስተካክል ተብሎ ሲላክ በጓሮ በር ወጣና ለቀጄላ ደወለ። ቀጄላ ወደ ሕዳሴው ግድብ መለዋወጫ የሚያመላልስ ሹፌር ነው። በግድቡ በኩል ጉባን አልፎ ወደ መተከል፣ ወደነ ፓዌ፣ የሚሻገር ሰው የሚለምነው እሱን ነው።

«ዛሬ ትሄዳለህ?»

«አምስት ሰዓት ላይ። ቀን በቀን ካልሄድኩ መንገዱን አላምነውም። የምትልከው ሰው ካለ ይምጣ፣ ካልመጣ ግን አልጠብቅም።»

ምንያህል እሺ ብሎ ስልኩን ዘጋ። ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ገና አላወቀውም ነበር።

የዝናሽ እየሳቀች ገባች። ብርቱካናማው ቀሚስ ታጥቦ ተተኩሷል። ስልኳን አጥፍታ እንደ ደንቡ በር ላይ ያለው ሰፌድ ውስጥ ጣለችው፣ ፌስታሏን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሦስቱንም ተራ በተራ አየቻቸው።

«ምነው ፊታችሁ? የሞተባችሁ አለ እንዴ?»

«ሙቀቱ ነው» አለ አንዷለም፣ ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ አዙሮ።

ሐምዳን ማይኩን ቀሚሷ ላይ ሰካላት። ሁልጊዜ «አንድ ሁለት በል» ይላት ነበር፤ ያን ቀን ሳይላት ተመለሰ። ምንያህል ሄድፎኑን አጠለቀ፣ ካሜራውን አስነሣ፣ ከሌንሱ በላይ ያለችው፣ ሲቀረጽ ብቻ የምትበራው ቀይ መብራት በራች። የዝናሽ ያቺን መብራት ካየች ሌላ ሰው ትሆናለች፤ መብራቷን እንደ ተማሪ ዓይን ነው የምታያት።

ዋልካውን በውሃ አርሳ አቦካችው። በመዳፏ ድቡልቡል አደረገችው። ከዚያ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል እየጨመቀች እንደ ጥብጣብ ታወጣው ጀመር። ጥብጣቡ ሳይበጠስ በረዘመ ቁጥር አፈሩ ውስጥ ያለው ሸክላ ብዙ ነው እያለች ታስረዳለች። ድምፅዋ በሄድፎኑ ውስጥ ከምንያህል ጆሮ ሥር ነበር፤ ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማዋል። ሌላ ጊዜ የሚወደው ይሄንን ነው፤ ያን ቀን ግን አውጥቶ ቢጥለው በወደደ።

«ይሄ አፈር ከእናቴ ጓሮ ነው የመጣው» አለች ለመብራቷ። «ስቋጥር አየችኝና ‹አስተምሬ አስተምሬ ጭቃ ልታቦኪ ተመለስሽ?› አለችኝ።» ሳቀች። «ሰላም በሏት። የወንድሜን ስልክ እየቀማች ሁሉንም ትምህርት ታያለች። አንዲት ቃል አይገባትም፣ ግን ‹ዛሬ ድምፅሽ ደህና ነው› ትለኛለች።»

ምንያህል ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። አራት ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። አንዷለምን አየ፤ አንዷለም ጫማውን ያያል። ሐምዳን ዓይኑን ጨፍኗል።

«ቆይ ቆይ» አለ ምንያህል። «ካርዱ ሞላ።»

የዝናሽ ጥብጣቡን እንደያዘች ቆመች። «ሌላ ካርድ የለም?»

«የለም። ዛሬ አይሆንልንም።»

አንዷለም ፊት፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ሁለት ባዶ የካሜራ ካርዶች ተቀምጠዋል። ቀና ብሎ ምንያህልን በዓይኑ ሊበላው ደረሰ። «ይኸው» ቢል ይበቃ ነበር። እጁን ካርዶቹ ላይ ጫነባቸው።

«ደግሞ ወንድምሽ ደውሎ ነበር» አለ ምንያህል፤ የራሱ ድምፅ የሌላ ሰው መሰለው። «እማማን ትንሽ አሟቸዋል አለ። ቀጄላ አሁን ወደ ግድቡ ሊነሣ ነው። ለምን ሄደሽ አታያቸውም ብዬ ነው።»

የዝናሽ እሱን አላየችም። ካሜራውን አየች፣ ቆየች። ምን አመማት አላለችም። ስልኬን ስጡኝ አላለችም። ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን ዋልካ ጎንበስ ብላ በጣቷ እየጠረገች ሰበሰበች፤ ጥብጣቡንም፣ ድቡልቡሉንም መልሳ ፌስታሉ ውስጥ ከተተችና ቋጠረችው። እጇን በብርቱካናማው ቀሚስ ጠረገች። ያን ያህል ስትጠነቀቅለት የከረመችው ቀሚስ ነው።

«እሺ፣ ልሂድ» አለች።

አንዷለም ተነሣ። ኮቱን ከወንበሩ ላይ አነሣ። «ብቻሽን አትሄጂም። እኔም... እኔም ግድቡ ጋ ጉዳይ ነበረኝ» አለ። ግድቡ ጋ ምንም ጉዳይ አልነበረውም። የቤቱን ቁልፍ ለሐምዳን ወርውሮ ተከትሏት ወጣ።

ምንያህል ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ሐምዳን ትከሻውን መታ መታ አደረገውና ማይኩን ሊያነሣ ሄደ። ያን ጊዜ ነው ምንያህል ወደ ካሜራው ቀና ያለው። ቀዩዋ መብራት እንደበራች ነበር። «ሞላ» ያለው ካርድ እየቀረጸ ነው፤ በድንጋጤ ማቆሚያውን ሳይጫን ቀርቷል። የዝናሽ ደግሞ ያቺን መብራት ስምንት ትምህርት ሙሉ ፊት ለፊት ስታያት የከረመች ናት።

አንዷለም የተመለሰው ከሣልስት በኋላ ነው፤ ጢሙ አድጎ፣ ድምፁ ተዘግቶ። መንገድ ላይ መንኩሽ ከተማ አድረው በማግስቱ ፓዌ ሲገቡ አስከሬኑ ከቤት ሊወጣ ነበር አለ። አንዷለም አስቀድሞ ደውሎላቸው ነበርና ወንድሟና ሽማግሌዎቹ ከሰፈሩ መግቢያ ጠብቀው አረዷት። እናቷን ደርሳ ቀበረች።

«ምንም አላወቀችም» አለ፣ ኩራት ቢጤ እየተሰማው። «እንዳትጠረጥር ብዬ መንገዱን ሙሉ ስለ ጄኔሬተራችን ሳወራላት ነው የሄድኩት።» ከዚያ ኮቱን እያወለቀ «አንተ ግን ካርዱ ሞላ ስትል ልገድልህ ነበር» አለው።

ምንያህል ስለ መብራቷ አልነገረውም።

የዝናሽ አርባውን አውጥታ ስትመጣ ክረምቱ ገብቷል። ጥቁር በጥቁር ለብሳለች፣ ጠቋቁራ ከስታለች። ሐምዳን ዘመዶቹን ይዞ ቆርቆሮው ላይ የቀርከሃ ምንጣፍ ደርቦ፣ ላዩ ላይ ሣር ጎዝጉዞበት ነበርና ዶፍ ካልሆነ በቀር መቅረጽ ይቻላል። ጠዋት ጠዋት፣ ሰማዩ ፋታ ሲሰጥ፣ የቀሩትን ሊጨርሱ ተስማሙ።

«በመጀመሪያ የት ላይ እንዳቆምኩ አሳየኝ» አለችው ምንያህልን።

ሌሎቹ ገና አልገቡም። ከፈተላት። ብርቱካናማዋ የዝናሽ ጭቃ ታቦካለች፣ ትስቃለች፣ ሰላም በሏት ትላለች። ከዚያ የምንያህል ድምፅ ከጎን ይሰማል፦ ካርዱ ሞላ። እዚያ ላይ ሊያቆመው እጁን ሲሰድ ያዘችው።

«ተወው፣ ይሂድ።»

ስክሪኑ ላይ ያለችው ሴት ቀጥ ብላ ወደ እነሱ አየች። ፊቷ አልተለወጠም። ዓይኗ ብቻ አንድ ጊዜ ወደ ጎን ሄዶ ተመለሰ፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ አፈሩን መሰብሰብ ጀመረች።

«መብራቱ ቀይ ነበር» አለች የዝናሽ።

«አውቃለሁ። በኋላ ነው ያየሁት።»

«አንተ ደግሞ ውሸት አይሆንልህም። ውሸት የማይሆንለት ሰው ፊቴ ቆሞ ከዋሸ እናቴ አልታመመችም አልኩ፣ ሞታለች።» ስክሪኑን እያየች ነበር የምትናገረው። «አንዷለም ምስኪኑ ስለ ጄኔሬተር አወራኝ። ስንት ሊትር ናፍጣ እንደሚበላ ሳይቀር። ልፋቱን አይቼ ምንም እንዳላወቀ ሰው ሆንኩለት። መንኩሽ ስናድር ፎጣ ነክሼ አለቀስኩ። በነጋታው ወንድሜ በወጉ ሲያረዳኝ እንደ አዲስ ጮኽኩ። እሱም እኮ እናቱ ናት፤ የኔን መርዶ ተሸክሞ ነው ያደረው።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ ነው። ቤቱም፣ መኪናውም፣ ሰፈሩም ተደባብቆ ነበር፤ ሁሉም ለሌላው ሲል።

«አፈሩስ?» አለ ምንያህል፤ ሌላ የሚለው ጠፍቶት። «ለቀረጻው ዋልካው ያስፈልገናል።»

«መቃብሯ ውስጥ ነው። ሰው ሁሉ አፈር ሲያለብስ እኔም በፌስታሌ የያዝኩትን መለስኩላት።» ተነሣች። «ይቺን ቁራጭ ለእኔ ገልብጥልኝና ከዚህ አጥፋት።»

እሱም እንዳለችው አደረገ።

አንዷለም ሲመጣ ዘጠነኛው ከመጀመሪያው ይቀረጽ አለ። መመሪያው ግልጽ ነው፤ ባንድ ትምህርት መካከል ከብርቱካናማ ወደ ጥቁር የሚቀየር መምህር ከላይ አያልፍም።

«ያቺ ጭቃ እያቦካች የምትስቀው እናት አላት» አለች የዝናሽ። «እሷን አልሰርዛትም።»

አንዷለም ስለ መመሪያው ሌላ ዐረፍተ ነገር ጀምሮ መሀል ላይ ተወው። «ይሁን» አለ። «ከተጠየቅን እኔ እመልሳለሁ።»

ጥቁር ልብስ በጥቁር ሰማያዊ መጋረጃ ፊት ሲቆም ግን ጉድ ነው፤ ካሜራው ውስጥ ጭንቅላትና ሁለት እጅ ብቻ አየር ላይ ተንጠልጥለው ታዩ። ምንያህል የአንዷለምን የጠረጴዛ መብራት ነቅሎ ከኋላዋ መሬት ላይ አስቀመጠና የትከሻዋን ጠርዝ አወጣላት። ሐምዳን ከስቱዲዮው ጀርባ ቀይ አፈር በሰሃን አፍሶ አመጣ፤ ማይኩንም ሲሰካላት «አንድ ሁለት በል» አላት። የዝናሽ መብራቷን አየች።

«ቅድም ዋልካውን አይታችኋል» አለች። «አሁን ደግሞ የአሶሳን ቀይ አፈር እናያለን።» እያቦካች፣ እየጨመቀች ቀጠለች። የቀዩ ጥብጣብ አጠር ብሎ ተበጠሰ፤ ለምን እንደተበጠሰ አስረዳች።

ትምህርቱ እንደዚያው ሆኖ ተጫነ። ከትምህርቱ ግርጌ ተማሪ የሚጽፍበት ቦታ አለ፤ እስከ ስምንተኛው ድረስ የሚጻፍበት «ኔትወርክ አስቸገረኝ» እና «ፈተናው መቼ ነው» ነበር። የዘጠነኛው በሚቀጥለው ሳምንት ሲከፈት ሌላ ሆኖ ተገኘ። «መምህር፣ እግዜር ያጽናሽ።» «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ።» አንዱ ከገነተ ማርያም «ማን እንደሆነ ባናውቅም አፈሩን ገለባ ያድርግለት» ብሏል። ሌላው ከባምባሲ «እግዜር ያጥናሽ መምህርት። የዘጠነኛው አሳይመንት መቼ ነው የሚገባው?» ብሎ ጽፏል። ማንም ምንም አልነገራቸውም፤ ቀሚሱ መሀል ላይ ሲጠቁር አይተው ነው። የዝናሽ በምንያህል ወንበር ላይ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ አሳይመንቱ ላይ ስትደርስ ከዚያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፣ ሳቁ ሳያልቅ ዕንባዋን ጠረገች።

«አንተንስ ማን ደብቆህ ነው?» አለችው በድንገት።

«ምኑን?»

«እንዲያ ያደረግኸው በከንቱ አይደለም።»

ምንያህል ነገራት። ፈተናውን፣ አጎቱን፣ የተነሣውን ድንኳን። ባጭሩ ነው የነገራት፤ እንደ ተራ ወሬ። ባርኔጣውን ሳያነሣ ዘለለው። የዝናሽ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ምንያህልም በመንገሩ አፍሮ ወደ ቁረጣው ተመለሰ።

እሑድ ጠዋት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ የተከራየበት ግቢ በር ተንኳኳ። አከራዩ እትዬ አስረሳሽ ከፈቱ። የዝናሽ በጥቁሯ፣ አንዷለም ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ሐምዳን በረጅም ጀለቢያው ቆመዋል። አንዷለም የታሰረ ዳቦ ይዟል።

«ለቅሶ ልንደርስ ነው» አለች የዝናሽ። «የምንያህል አባት አርፈዋል።»

እትዬ አስረሳሽ ደረታቸውን ያዙ። «ውይ በሞትኩት። መቼ?»

«ዛሬ ነው የሰማነው።»

ምንያህል ካልሲውን በእጁ ይዞ ከክፍሉ ብቅ አለ። መጀመሪያ ቀልድ መሰለውና ሊስቅ ነበር፤ የአንዷለምን ጋቢ ሲያይ ሳቁን መለሰው። እትዬ አስረሳሽ አንዴ እሱን አንዴ እነሱን አዩ። ሳይጠይቁ ሄደው አግዳሚ ወንበራቸውን አወጡና ሬዲዮኑን ዘጉ።

ገቡና ተቀመጡ። እግዜር ያጽናህ አሉት፤ ሐምዳን አላህ ይርሐመው ብሎ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አሳለፈ። ከዚያ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው ዝም አሉ። ዝምታው ልክ ሲደርስ አንዷለም ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሁልጊዜ ምንያህል የሚቆርጣት ዓይነት ጠረጋ ነበረች።

«ስንት ዓመታቸው ነበር?»

«ስድሳ አልሞላውም።»

«ምን ነበር ያመማቸው?»

ይህን ማንም ጠይቆት አያውቅም። አገሩ ሁሉ ያውቅ ስለነበር የሚጠይቀው አልነበረም። ምንያህል አፉን ከፈተ።

«ጉበቱን ነው አሉ። እኔ አላየሁትም። ባርኔጣ...» አለ። «ባርኔጣ ገዝቼለት ነበር።»

ከዚያ በላይ አልሄደም። ካልሲውን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ፤ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ ድምፁን ሳይቆጥብ። የዝናሽ ተነሥታ አጠገቡ ተቀመጠችና አብራው አለቀሰች። እትዬ አስረሳሽ የማያውቁትን ሰው አለቀሱለት። የጎረቤት ሴት ድምፁን ሰምታ ነጠላዋን እየጣለች ገባች። ማን እንደሞተ ጠየቀች፣ ነገሯት፣ እሷም ቦታ ፈልጋ ተቀመጠች።